ድንኳኑ ሳይነሳ

ብርማዋ መኪና ከጣቢያው ጀርባ ባለው ግቢ፣ በዛገ ሚኒባስና ጎማ በሌለው ባጃጅ መካከል፣ አፍንጫዋ እንደተጨፈለቀ ቆማለች። ትናንት እኩለ ቀን ላይ የትራፊክ ባለሙያው ሲለካት ከግጭቱ ጉዳት በቀር የጎደላት ነገር አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ግን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ያለው ሽፋን ተነቅሏል፤ የጸሎት መጽሐፍ የምታህል አንዲት ሳጥን ከቦታዋ ተወስዳለች።

ኢንስፔክተር ብሩክታይት ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና አለች፣ እንደገና ጎንበስ አለች። አራዳ ተወልዳ አራዳ ያደገች፣ እዚያው አራዳ ሌባ ስታሳድድ የኖረች ሴት ናት። ስፖኪዮ የሚነቅል፣ ጎማ የሚፈታ፣ ባትሪ አውጥቶ የሚሮጥ ሁሉ በእጇ አልፏል። ይሄኛው ግን ባትሪውንም ጎማውንም ትቶ፣ ኤርባግ የሚያዘውን ኮምፒውተር ብቻ ይዞ ሄዷል። እንዲህ ያለ ሌባ ገጥሟት አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አላት።

«በሩ አልተሰበረም» አለ ሳጅን ኪሮስ። «ቁልፉም ከእርስዎ መሳቢያ አልወጣም። ተአምር ነው እንግዲህ።»

«ተአምር ብሎን አይፈታም» አለች። የተፈቱት ብሎኖች ኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ በሥርዓት ተሰብስበዋል። ኮፈኑን ከፍታ ስታይ ደግሞ የባትሪው ገመድ ተነቅሏል። «እየው፤ መጀመሪያ ኃይሉን አቋርጧል። ኤርባግ ሲነካ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ነው። ያልቸኮለ ሰው ነው። ደግሞም ይሉኝታ አለው፤ ብሎን እንኳ መሬት ላይ አልጣለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትናንት በስቲያ ይህች መኪና ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርድ ከድንጋዩ ግንብ ጋር ተላትማ፣ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጡት ወይዘሮ ዘርፌ ሕይወታቸው አልፏል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። አፍንጮ በር ውስጥ እሳቸው ማባዛት ያላስጠኑት ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ብሩክታይትን ራሷን ሦስተኛ ክፍል አስተምረዋታል። ሹፌሩ አጽብሐ ጎረቤታቸው ነው፤ ሰው በስልክ እየጠራው በዚችው መኪና ታክሲ ይሠራል። ትራፊኩ «በፍጥነት ሲነዳ ግንብ መታ» ብሎ ጻፈ። አጽብሐ ደግሞ «ኤርባጉ በራሱ ፈነዳብኝ፤ ከዚያ ነው መሪው ያመለጠኝ» አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ መዝግባ የያዘችው ያቺ ሳጥን ብቻ ናት። እሷ ካልተገኘች አጽብሐ እድሜውን ሙሉ ሰው የገደለ ሹፌር ሆኖ መቅረቱ ነው።

የግቢው ጠባቂ ጋሼ ዘበነ ከነጋቢያቸው መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ጋሼ ዘበነ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ማን ገባ?»

«ማንም አልገባም፣ ልጄ። ሌሊቱንም በሩ በሰንሰለት ታስሮ ነው ያደረው። ውሻው ትንፍሽ አላለም።»

«እርግጠኛ ነዎት? ማንም?»

«ማንም አልኩሽ እኮ።»

ጋሼ ዘበነ ሲዋሹ አይታ አታውቅም። ስለዚህ አመነቻቸው፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ስህተቷም ይኸው ነው።

*

ጣቢያው ውስጥ የታሰረው አጽብሐ አርባን የተሻገረ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። ሁለቱም ክንዶቹ ከአንጓው እስከ ክርኑ ቀልተው ተልጠዋል።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ» አለችው።

«ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ነበር የምወርደው። እትዬ ዘርፌ ፍጥነት አይወዱም። ትንሽ ከነዳሁ "አንተ ልጅ፣ ሰማይ ቤት መሄጃው አልጠፋኝም፣ ቀስ በል" ይሉኛል። የቦይ ክዳኑ ጋ ስንደርስ ጎማው ገባ ብሎ ወጣ። ያኔ ነው የፈነዳው። ፊቴን ነጭ ነገር ሸፈነው፣ እጄ ተቃጠለ። መሪውን ስፈልግ ግንቡ ደረሰ።»

«ከግንቡ በፊት ነው የፈነዳው?»

«ከግንቡ በፊት። እሳቸውም "ምንድነው?" ብለውኛል፤ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ። ከግንቡ በኋላማ ምንም አላሉም።»

ብሩክታይት የተላጡትን ክንዶቹን አየች። ከዚያ ሳጥኗ እንደተሰረቀች ነገረችው። ይጮኻል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን አልጮኸም።

«የምትፈልገው ነገር አለ?» አለችው።

«ለቅሶ ልድረስ።»

«ምን?»

«ቀብራቸው ላይ አልቆምኩም። ድንኳኑ ደግሞ ነገ ጠዋት ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ብትፈቱኝ ምን ያደርግልኛል? ጎረቤት ሆኜ ለቅሶ ሳልደርስ ከቀረሁ ገዳይ ነኝ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ልጆቼም እዚያው ሰፈር ነው የሚያድጉት። እኔም ደግሞ» አለና ዐይኑን በተላጠው ክንዱ ጠረገ፣ «እኔም አላለቀስኩላቸውም፣ ኢንስፔክተር።»

ብሩክታይት ለእስረኛ ቃል አትሰጥም፤ ደንቧ ነው። «ድንኳኑ ሳይነሳ ትደርሳለህ» አለችው።

ኮሪደሩ ላይ ኪሮስ በቀስታ ሳል አለ። «ኢንስፔክተር፣ ቃል ሰጡ እኮ።»

«ሰጠሁ። ስለዚህ ፈጠን ብለህ ተራመድ።»

*

መጀመሪያ የሄደችው ለቅሶው ቤት ነው። ምርመራ ስላለ ብቻ አይደለም፤ አስተማሪዋ ናቸው፣ መድረስ ነበረባት።

የአፍንጮ በሩ ድንኳን ጢም ብሎ ሞልቷል። ከወይዘሮ ዘርፌ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ዘማሪዎች በለሆሳስ ይዘምራሉ፤ የእድሩ ሰዎች ከወዲያ ወዲህ ይላሉ። በአንደኛው ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ስለ አጽብሐ ያወራሉ፣ ወሬያቸውም ደግ አልነበረም። የወይዘሮ ዘርፌ ልጅ ያቤፅ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። አንድ ድርጅት ውስጥ የሶፍትዌር ሠራተኛ ነው። የኮምፒውተር ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ከላዩ ደርቦበታል።

«ጌታ ያጽናናህ» አለችው ጎንበስ ብላ።

«አሜን።» ማንነቷን ሲያውቅ ቀና አለ። «አጽብሐ ይፈታል?»

«ገና ነው። አደጋውን የመዘገበችው ሳጥን ተሰርቃለች።»

ያቤፅ ጭንቅላቱን ነቀነቀና መልሶ አቀረቀረ። የዛሬ ልጆች ለቅሶ ላይም ከሥራ አይላቀቁም ብላ በሆዷ ታዘበችው፣ ትንሽ ተቀምጣም ወጣች።

ኪሮስ ደጅ ላይ ስልኩን እያየ ይጠብቃታል። «አገኘሁት። ፋብሪካው ይሄንን ዓይነት መኪና በሙሉ ለእርማት ጠርቶታል። የኤርባጉ ሶፍትዌር ችግር አለበት ይላል። መንገድ ላይ ጠንከር ያለ መንገጫገጭ ሲያጋጥም ግጭት እየመሰለው ይፈነዳል።»

«መቼ ነው የጠራው?»

«ከአደጋው ብዙ ቀደም ብሎ።»

«መኪናዋን ለአጽብሐ የሸጠለት ማነው?»

«አቶ አባይነህ የሚባል አስመጪ፣ አምስት ኪሎ።»

«በል እንሂድና አቶ አባይነህ የደበቁትን እንይ» አለች፣ ጉዳዩን ጨርሳ በኪሷ የያዘችው ያህል።

*

አቶ አባይነህ በመስታወት ታጥሮ በሚያብረቀርቅ መሸጫ ውስጥ፣ ከሚያብረቀርቁት መኪኖች ሁሉ የበለጠ እያብረቀረቁ ተቀበሏት።

«ፋብሪካው መኪኖቹን እንደጠራ ያውቁ ነበር?» አለች ሳትቀመጥ።

«አውቃለሁ እንጂ። ለደንበኞቼ ሁሉ በቴሌግራም አስታውቄአለሁ፤ ይኸው ይመልከቱ። ደግሞ ይሄ መኪናውን ጎትቶ ጋራዥ የሚያስገባ ነገር አይደለም። ፋብሪካው ማስተካከያውን በኢንተርኔት ነው የላከው። መኪናው ቆሞ ሳለ ራሱ አውርዶ ራሱ ይጭነዋል።»

«የአጽብሐ መኪና ታዲያ ለምን አልጫነችም?»

«ይሄንን የምትነግረን እኮ ሳጥኗ ናት፣ ኢንስፔክተር! አጠፏት አሉ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ሳጥኗ ብትገኝልኝ ስለት አገባለሁ። ማስተካከያው ተልኮ መኪናዋ ካልተቀበለች ጥፋቱ ከእኔ ላይ ወረደ ማለት ነው። ካልተገኘች ግን ከተማው በሙሉ "የአባይነህ መኪና በራሱ ይፈነዳል" ይላል፣ እኔም በሬን እዘጋለሁ። ትናንት ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ፤ ካሜራው አለ፣ ይዩት።»

ብሩክታይት የልቧን ሳትደብቅ ሳቀች። መንገዱን ሙሉ በልቧ ስትከሰው የመጣችው ሰውዬ ሳጥኗን ከእሷ በላይ ይፈልጋታል። ኪሮስ የካሜራውን ምስል እያሳለፈ ሲያይ፣ አቶ አባይነህ ብሩክታይት ያስቀመጠችውን የአደጋውን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ወደ ዐይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ ስክሪን እንግሊዝኛ ነው» አሉ። «እኔ የምሸጠው መኪና ቻይንኛ ነው የሚናገረው። እንደመጣ እሸጠዋለሁ፣ አልነካካም። ይሄኛውን ግን ሰው ነካክቶታል።»

«ማን ይነካካዋል?»

«ድልድዩ ጋ ዑዘይር የሚባል አለ። ከእኔ በር የወጣ መኪና ሁሉ በማግስቱ እሱ ጋ ነው የሚቆመው።»

*

ዑዘይር ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ በር ላይ፣ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ አዲስ መኪና ያናግራል።

«ኢንስፔክተርዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስሪ ነው?»

«አንተን፣ ካላወራህ።»

«አቦ ሙድ አትያዢብኝ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ቻይንኛውን እንግሊዝኛ አደርጋለሁ፣ አለቀ።»

«እንዴት እንደምትሠራው ንገረኝ።»

«ቋንቋውን እጭናለሁ። ከዚያ አፕዴቱን እዘጋለሁ።»

«አፕዴቱን ለምን ትዘጋዋለህ?»

«ካልዘጋሁትማ ፋብሪካው አዲስ ነገር ሲልክ የእኔን ያጠፋዋል፣ ወደ ቻይንኛው ይመለሳል። ደንበኛው ጠዋት ሲነሳ መኪናው በቻይንኛ ሲጮህበት እኔ በር ላይ ነው የሚመጣው። እዚህ ሰፈር የሚሠራ ሁሉ ይዘጋዋል። ነቄ የሆነ ሁሉ።»

ብሩክታይት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷት ነበር፣ መልሱንም ከወዲሁ ጠልታዋለች።

«ዑዘይር፣ የኤርባጉ ማስተካከያም በዚያው በኩል ነው የሚገባው?»

ልጁ ኮምፒውተሩን ገጥሞ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«በዚያው ነው» አለ። «ያ ረቢ። እኔ እኮ ስንቱን ዘጋሁት።»

«የአጽብሐንም?»

«የአጽብሐንስ አልነካሁም! ወላሂ። እኔ የሠራሁት መኪና ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ስሜ ይወጣል፤ ማስታወቂያዬ ነው። ትናንትም ሚስቴ ወልዳ ሐኪም ቤት ነው የዋልኩት። ሳጅኑ ሄዶ ይጠይቅ። እኔ ግን ካንቺ ጋር ልሂድና ባትሪውን ልሰካልሽ፣ በዐይንሽ እዪው።»

ኪሮስ ሄዶ ጠየቀ። ግቢው ውስጥ ሲያገኛቸው ፊቱ በርቷል። «እውነቱን ነው፣ ሙሉ ቀን ከሐኪም ቤቱ አልወጣም። ልጁንም አይቼዋለሁ፤ ጆሮው ቁርጥ አባቱን ነው።»

ዑዘይር የባትሪውን ገመድ ሰካ። ስክሪኑ ጥቂት ጨልሞ ቆየና በራ። የዑዘይር ስም የለም። መሐል ላይ በአማርኛ ፊደል አንድ ቃል ብቻ ወጣ፤ «ሻሎም»።

«አየሽ? እኔ ሻሎም ልል?» አለ ዑዘይር፣ ትንፋሹ እየተመለሰለት።

ብሩክታይት ግን ከስክሪኑ በላይ ነበር የምታየው። መስታወቱ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል፤ ከመስታወቱ ሥር መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። መልአኩ የአጽብሐ ነው። ሻሎም ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ደግሞ አጽብሐ ከሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን አይደለም የሚመጣው፤ ይሄንን አራዳ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ጴንጤ ወዳጅ ሠርቶለታል ማለት ነው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ዑዘይር። «ይሄ ሥራ ሲሠራ መኪናዋ የምትመዘገበው በሠሪው ስልክ ነው። አካውንቱ የእሱ ይሆናል። በሩንም በስልኩ መክፈት ይችላል። ቁልፍ ምን ያደርግለታል?»

«ቋንቋውን የቀየረው ሰውና ሳጥኗን የወሰደው ሰው አንድ ነው ማለትህ ነው።»

«እኔ አላልኩም፤ አንቺ ነሽ ያልሽው» አለ ዑዘይር፣ እንደ አራዳ ልጅ።

*

«አጽብሐ፣ ስክሪኑን እንግሊዝኛ ያደረገልህ ማነው?»

አጽብሐ መለሰላት፣ ግን ዐይኗን አላየም። «ሰው ነው። በነፃ ነው የሠራልኝ፤ ለእኔ ብሎ።»

«ስሙ?»

«አሁን ስሙ የሚነሳበት ጊዜ አይደለም።»

«እዚህ ታስረህ ያለኸው አንተ ነህ እኮ።»

«ቢሆንም። ለዚች ለቋንቋ ነገር ፖሊስ በሩን እንዲያንኳኳበት አልፈልግም። ያለበት ይበቃዋል፣ ኢንስፔክተር።»

ብሩክታይት ብድግ አለች። በዚህ ሰሞን በአፍንጮ በር ያለበት ይበቃዋል የሚባልለት ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም ነበር። ያም ሆኖ ማረጋገጥ ነበረባትና ወደ ግቢው በር ሄደች።

«ጋሼ ዘበነ፣ ትናንት ማንም አልገባም ብለውኛል።»

«አልገባም።»

«ሐዘንተኛስ?»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት። «ሐዘንተኛማ መጥቷል። ልጃቸው ከቀብር መልስ መጥቶ ነበር፤ የእናቴ መነጽርና መጽሐፍ ቅዱስ መኪናው ውስጥ ቀርቷል ብሎ። እሱ ሰው ገባ ይባላል እንዴ?»

«አጠገቡ ቆመው ነበር?»

«ልጅ በእናቱ መቀመጫ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ቆሜ ልየው? ነውር አይደለም? ዞር ብዬ ተቀመጥኩ። እስኪወጣለት ተውኩት።»

ልትቆጣቸው ፈለገች፣ ግን አልሆነላትም። ቦታቸው ላይ ብትሆን እሷም ፊቷን ታዞር ነበር። ይባስ ብሎ ያንን ቦርሳ በዐይኗ በብረቱ አይታ፣ ሐዘንተኛ ነው ብላ እሷም አልፋዋለች። ጋሼ ዘበነን የምትገስጽበት አፍ አልነበራትም።

*

ድንኳኑ ውስጥ ጸሎት ላይ ናቸው። ብሩክታይት ኪሮስን ደጅ አስቁማ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ከሰዉ ጋር ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ያቤፅን በዐይኗ ጠራችው። ቤቱ ጀርባ፣ የውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆሙ። ቦርሳውን እንደያዘ ነው።

«መሥሪያ ቤትህ ለሐዘንተኛ ፈቃድ አይሰጥም?» አለችው።

«ይሰጣል።»

«እና ቦርሳውን ለምን አታስቀምጠውም?»

ያቤፅ ለመዋሸት አልሞከረም። ዚፑን ራሱ ከፈተው። ሳጥኗን በእናቱ ሻሽ ጠቅልሎ አስቀምጧታል።

«እናቴ ናት የለመነችኝ» አለ። «"ለዚህ ልጅ መኪናውን አስተካክልለት፣ ቻይንኛው ግራ አጋብቶታል" አለችኝ። ሻሎም የሚለውንም ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ሠራሁለት፣ ቋንቋው እንዳይጠፋበትም አፕዴቱን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ በቻይንኛ መልእክት ይመጣ ነበር። ሳላነበው ነው የማጠፋው። በሞተችበት ቀን ልቤን አንድ ነገር አለውና አስተረጎምኩት። ኤርባጉ አደገኛ ነው፣ ማስተካከያው ተልኳል፣ ይጫን ወይ? ነው የሚለው። ሲጠይቀኝ ነው የከረመው። እናቴን እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ብሩክታይት አላቀፈችውም፤ አልጮኸችበትም።

«አልገደልካቸውም» አለችው። «ሶፍትዌሩን ያበላሸው ፋብሪካው ነው። አንተ ፒያሳ ውስጥ ሁሉም የሚዘጋውን በር ዘጋህ፣ ለጎረቤት ብለህ። በዚያ ማንም አይከስህም። ትናንት ያደረግኸው ግን ሌላ ነው። አጽብሐ እውነቱን እየተናገረ እንደሆነ ታውቅ ነበር።»

«አፕዴቱን የዘጋሁት እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ ፈርቼ ነው። እሱን ማስረጃ ካጡ ይለቁታል ብዬ ነበር።»

«ማስረጃ ከሌለ የሚጸናው የትራፊኩ ቃል ነው። እሱ ደግሞ ያንተን ስም እንኳ አልነገረኝም። ያለበት ይበቃዋል ብሎ።»

ያቤፅ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ከልቡ ያለቀሰው፤ ብሩክታይትም የረጠበ ዐይኗን ደበቀች። አዘነችለት። ጎን ለጎንም ተናደደችበት፤ ሁለቱም ስሜት በእኩል ነበር፣ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

«እዚህ አላስርህም» አለችው በመጨረሻ። «ሰው ከእናቱ ድንኳን አይታሰርም። ኪሮስ አብሮህ ይሆናል፣ ነገ ድንኳኑ ሲነሳ ወደ ጣቢያ ትመጣለህ። ቃልህን ግን አሁን ትሰጠኛለህ። እንዲህ አድርገህ የሠራህላቸው ሌሎች ሰዎች አሉ?»

«ከቤተ ክርስቲያናችን አሉ።»

«በል ስልክህን አውጣ፤ አንድ በአንድ ደውልላቸው።»

*

በማግስቱ ጠዋት ብሩክታይት አቶ አባይነህንና ዑዘይርን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሳጥኗን የሚያነበው መሣሪያ የአቶ አባይነህ ነው፣ ኮምፒውተሩ የዑዘይር። ጉዳዩን የያዘው ዐቃቤ ሕግ ከጎን ተቀምጧል።

«ሁለታችሁም አንድ ነገር ካላያችሁ አላምንም» አለቻቸው።

እርስ በርስ እየተገላመጡ አነበቡ። አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲሳሳት ቢመኝም፣ ያዩት አንድ ሆነ። መኪናዋ ቀስ ብላ ነበር የምትወርደው። ጎማው ሲነጥር ሁለቱም ኤርባጎች ተከፈቱ፤ ግንቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በወይዘሮ ዘርፌ በኩል ያለውም ከለላ ሊሆናቸው ሲገባ ቀድሞ ፈንድቶ፣ ግንቡ ጋ ሲደርሱ ባዶ ከረጢት ሆኖ ነበር። ሶፍትዌሩም የድሮው ነው።

«ማስተካከያው አልገባላትም» አሉ አቶ አባይነህ።

«አልገባላትም» አለ ዑዘይር፣ በዝግታ።

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ፈረመ። ብሩክታይት አጽብሐን ራሷ ሄዳ አወጣችው፤ መንገድ እንዳይዘጋባቸውም ዑዘይር በራሱ መኪና ሊያደርሳቸው ፈቀደ። መኪናዋ ስትነሳ አንዲት ሴት ስክሪኑ ውስጥ ሆና በቻይንኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች ብሩክታይት።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ወይ ወደ ግራ ታጠፍ ብላኛለች፣ ወይ ሰድባኛለች። ከንጋት ጀምሮ የደንበኞቼን ሁሉ አፕዴት እየከፈትኩ ነው። ሱቁ በር ላይ ተሰልፈው ይረግሙኛል። ይርገሙኝ አቦ፤ በሕይወት ሆነው ይርገሙኝ።»

አጽብሐ ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁ አሳፈረውና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ልብሱ ከታሰረበት ቀን የለበሰው ነው። አፍንጮ በር እየቀረበ ሲመጣ የተላጠውን ክንዱን በእጅጌው ለመሸፈን ሞከረ፣ እጅጌው አጠረበት።

ድንኳኑ ግማሹ ወርዷል። የእድሩ ሰዎች ካስማ ይነቅላሉ፣ ወንበር ያነባብራሉ፤ የእድሩ ዳኛ ዋናውን ምሰሶ ይዘው ሸራው እስኪጠቀለል ይጠብቃሉ። አጽብሐ ከመኪናው ሲወርድ የሚያዩት ሁሉ እጃቸው ቆመ። ሰላም ያለው የለም። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። አጽብሐ መኪናው አጠገብ ቆመ።

ያቤፅ ከበረንዳው ወረደ፤ ኪሮስ ከኋላው አለ። ቦርሳ አልያዘም። ሰዉን አቋርጦ መጥቶ አጽብሐ አጠገብ ቆመ።

«አጽብሐ አልገደላትም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «ኤርባጉ ቀድሞ ነው የፈነዳው፤ ፖሊስ አረጋግጧል። ይህን የምትናገረውን ሳጥን የደበቅኋት እኔ ነኝ። እሱ ሲታሰር እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

አንዱ ሽማግሌ ከግድግዳው ፊቱን መለሰና አቀረቀረ። ብሩክታይት ልትናገር አስባ ተወችው፤ ከዚህ ወዲያ የፖሊስ ሥራ አልነበረም።

የእድሩ ዳኛ ያቤፅን አዩ፣ አጽብሐን አዩ፣ ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ምሰሶ አዩ።

«መልሱት» አሉ።

«ምኑን?» አለ ሸራ የሚጠቀልለው ሰው።

«ድንኳኑን ነዋ። ለቅሶ ደራሽ መጥቷል።»

ካስማው እንደገና ተመታ። ወንበሮቹ ተመልሰው ተዘረጉ፣ ሸራው በሽማግሌዎቹም እጅ ጭምር ተወጠረ። አጽብሐ ጫማውን አውልቆ ፍራሹ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። «እትዬ!» አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ድምፁ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። ያቤፅ ጎኑ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ ራቅ ብሎ፣ ኋላ አጽብሐ ራሱ ክንዱን ይዞ እስኪያስጠጋው።

ኪሮስ ወደ ብሩክታይት መጥቶ በሹክሹክታ «ኢንስፔክተር፣ ልጁን አሁን ልውሰደው?» አለ።

«ድንኳኑ እኮ አልተነሳም» አለችው። ደጅ ካሉት ወንበሮች አንዱን ሳበችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች፣ ሁለቱ እስኪወጣላቸው ድረስ።